በጊዜ የሚደርስ እውቀት

አንድን ነገር አየሁት ስንል በእርግጥ ምን ማለታችን ነው? ጥያቄው ለመጻሕፍት የተተወ ይመስላል እንጂ በደቡብ ወሎዋ መካነ ሰላም ከተማ የዕለት ተዕለት ጥያቄ ነው። አባት ልጁ ሲጋራ መጀመሩን ከጎረቤት ሲሰማ፣ መምህር ከተማሪው ልብስ የትምባሆ ሽታ ሲደርሰው፣ እህት ከወንድሟ ኪስ ክብሪት ስታገኝ፣ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ «ይህ ልጅ ጉዳቱ አይታየውም።» ልጁ ግን አላዋቂ አይደለም። ሲጋራ እንደሚገድል ትምህርት ቤት ከገባ ጀምሮ ሲሰማ ኖሯል፤ ቢጠይቁት ሳንባን፣ ልብን፣ ካንሰርን በተርታ ጠርቶ ይመልሳል። የሚያውቀው ነገር የማይታየው እንዴት ነው? ወይስ ማወቅና ማየት እኛ እንደምናስበው የተቀራረቡ አይደሉም? ማጨስ ከሰው የሚወስደውን ለወጣቶች እናሳይ የሚል ሁሉ አስቀድሞ ይህን ጥያቄ መመለስ ያለበት ይመስለኛል። ምን ማሳየት እንዳለበት ያልለየ ሰው ይጮኻል እንጂ አያሳይም።

ችግሩ ከጭሱ ይጀምራል። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ጭስ ክፉ ስም የለውም። ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ወደ ወሎ ቦረና መንደሮች የሚቀርብ መንገደኛ፣ ሲመሽ ቤት መኖሩን፣ በቤቱም ሰው መኖሩን የሚያውቀው ከጣራው በላይ በሚንሳፈፈው ጭስ ነው። ቡና ተቆልቶ አቦሉ ሲቀዳ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ቄሱ ጽናውን ሲያወዛውዙ ጸሎቱ ከጭሱ ጋር የሚያርግ ይመስላል፤ ለጸሎት በሚሰበሰቡበት በወዳጃ ላይም ዱዓው ያለ ዕጣን አይደምቅም። እዚህ ያደገ ልጅ ጭስን የሚያውቀው ከእናቱ፣ ከእንግዳና ከፈጣሪ ጋር አያይዞ ነው። የማድቤቱ ጭስ እናቱን ለዓመታት ሲያስላትና ዓይኗን ሲያስለቅሳት እንኳ በጥፋተኝነት ተጠርቶ አያውቅም፤ ሐኪሞች ግን ከሳንባ ሕመም መንስኤዎች አንዱ እንደሆነ ይናገራሉ። ሲጋራም ወደዚህ ዓለም ሲገባ የባዕድ መልክ ይዞ አልገባም። የሌላውን ጭስ ክብር ተውሶ፣ ከጨዋታውና ከጫቱ ጎን ተቀምጦ፣ የሚባርከውንና የሚገድለውን በዓይን መለየት በማይቻልበት ስፍራ ተቀላቀለ። የተለመደ ነገር ፊት ለፊት ቆሞም አይታይም።

ዓይን ብቻውን እንደማይበቃ ከሐኪሞች ታሪክ በላይ የሚመሰክር የለም። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች የሳንባ ካንሰር ለምን እንደበዛ ለማወቅ በለንደን ሆስፒታሎች የተኙ በሽተኞችን ሲያጠኑ፣ ዶል አስቀድሞ የጠረጠረው የመኪናን ጭስና በየመንገዱ የሚፈሰውን ሬንጅ ነበር። ትምባሆ ይሆናል ብሎ አልጠበቀም፤ ራሱም ያጨስ ነበር። ውጤቱ ወደ ሲጋራው ሲያመለክት ግን ማጨሱን ተወ፤ ጥናታቸውም በ1950 እ.ኤ.አ. ታተመ። እስቲ እናስበው፤ በየቀኑ ደረት የሚያዳምጡ፣ ራጅ የሚያነቡ፣ የጠቆረ ሳንባ በእጃቸው የሚይዙ ሐኪሞች፣ ሲጋራቸውን እያጨሱ ገዳዩን አላዩትም። ዶልና ሂል በ1951 እ.ኤ.አ. በጀመሩት፣ 50 ዓመት በዘለቀውና ከ34 ሺህ የሚበልጡ ወንድ ሐኪሞችን በተከታተለው ጥናት፣ ዕድሜ ልካቸውን ያጨሱ ሰዎች ፈጽሞ ካላጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ ታወቀ። ይህን እውነት ትዕግሥት ያለው ቆጠራ አመጣው፤ ዓይን አጠገቡ ሆኖ አልፎት ነበር።

ቆጠራም ግን የማያየው ነገር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን እንደሚገድል፣ ከእነዚህም ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡት ራሳቸው ሳያጨሱ በሌላው ሰው ጭስ እንደሚሞቱ ይናገራል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ከውስጡ አንድ ፊት ለይቶ ማውጣት ግን ይከብዳል። ብዙ ጊዜ የአንድን ሰው ሞት ነጥሎ «ይህን የገደለው ሲጋራ ነው፣ ያንን ግን አይደለም» ማለት አይቻልም። ሳያጨስ በልብ ሕመም የሚሞት አለ፤ እያጨሰም ሰማንያ የሚደፍን አለ። ወጣቱ ይህችን ቀዳዳ ያውቃታል። «አያቴ ዕድሜ ልኩን ሲያጨስ ኖሮ ሸምግሎ ነው የሞተው» ይላል፤ አይዋሽም። ቁጥሩ ስለ ሁሉም እውነቱን ሲናገር ማንንም በስም አይጠራም፤ የአያትየው ታሪክ ደግሞ አንድ ሰው ጠርቶ ስለ ሌሎቹ ዝም ይላል። ሰው ከሁለቱ አንዱን እመን ቢባል የሚያውቀውን ፊት ያምናል። በአገራችን ይህ ይብሳል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት መሠረት ትምባሆ የሚጠቀመው ከመቶ ዐዋቂ አምስቱ ገደማ ነው። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም አጫሹ ጥቂት በሆነበት አገር ሙታኑም በየመንደሩ አንድ ሁለት እየሆኑ ይበተናሉ፤ ተሰብስበው የሚታዩት ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ቁጥር ካልበቃ ማስፈራትስ? በ1870 ዓ.ም. እዚሁ ወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ታላቁን ጉባኤ ያደረጉት አጼ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን አጥብቀው ይጠሉ ነበር፤ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸው በታሪክ ተጽፎ ይገኛል። ጉዳትን በማሳየት ረገድ ከዚህ የሚያልፍ የለም፤ ቅጣቱ በሰው ፊት ላይ፣ በገበያ መካከል፣ ማንም ሊስተው በማይችልበት ስፍራ ተቀመጠ። ግን ያን የተቆረጠ ከንፈር ያየ ወጣት ምን አየ? የንጉሡን ቁጣ አየ። ትምባሆ ራሱ ከሰው ውስጥ ቀስ ብሎ የሚወስደው ነገር ከዚያ በፊት ስውር እንደነበረ ከዚያም በኋላ ስውር ሆኖ ቀረ። ፍርሃት ፊቱን የሚያዞረው ወደሚያስፈራራው ሰው ነው፤ አስፈራሪው ዞር ሲል ፍርሃቱም አብሮት ይሄዳል።

የዛሬው ሕግ ከዚያ ዘመን ፈጽሞ ይለያል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሕንፃ ውስጥ ባሉ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ይከለክላል፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ ያዛል፣ የፓኮው ገጽ 70 በመቶ በሥዕል በተደገፈ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ይደነግጋል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን በመናኸሪያው ዳር ሱቅ በደረቴ የያዘውን ልጅ ቀርባችሁ እዩት። በሳጥኑ ውስጥ ማስቲካ፣ ሶፍትና ከረሜላ ተደርድሯል፤ የሲጋራው ፓኮ ክዳኑ ተከፍቶ በማዕዘኑ ቆሟል። ገዢው አንድ ፍሬ ይመዛል፣ ከሳጥኑ ጠርዝ በክር በታሰረው ላይተር ይለኩሳል፣ ሳንቲሙን ሰጥቶ ይሄዳል። ሥዕሉ ከሻጩ ጋር ይቀራል። አጫሹን እንዲያስደነግጥ የተዘጋጀውን ፎቶ ከጠዋት እስከ ማታ ታቅፎት የሚውለው ሻጩ ልጅ ነው። ገዢው ቢያየው እንኳ የሚያየው የማያውቀውን ሰው ገላ ነው፤ ያ ሰው ስም የለውም፣ ዘመድ የለውም፣ የመጣበት ቀበሌ አይታወቅም። የሰው ልጅ የሚያዝነው ደግሞ ለሚያውቀው ነው።

ታዲያ የሚታወቅ ሰው ጠፍቶ ነው? የማውቃቸው አንድ አዛውንት አሉ፤ በጭነት መኪና የደሴን መንገድ ሲመላለሱ የኖሩ፣ የሌሊቱን እንቅልፍ በሲጋራ ሲያባርሩ ያረጁ። ከቤታቸው እስከ ገበያው ያለው ዳገት ሕፃን ሮጦ የሚወጣው ነው። እሳቸው ግን በየመሐሉ ይቆማሉ። ሲቆሙ ከዘራቸውን መሬት ይተክላሉ፣ ፊታቸውን ወደ ቆላው ያዞራሉ፣ እጃቸውን ከቅንድባቸው በላይ ጋርደው ሩቁን ተራራ ይመለከታሉ። አብሯቸው የሚሄድ ልጅ «ጋሼ፣ ደከመዎት እንዴ?» ሲላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ኧረ የምን ድካም! አገር ልይ ብዬ ነው እንጂ።» ልጁም ያምናቸዋል፤ እሳቸው ወዳዩበት ዞሮ እሱም አገሩን ያያል። ከአጠገቡ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ሲል፣ ትንፋሻቸው በተሰበሰቡ ከንፈሮቻቸው መካከል ሲያፏጭ ልብ አይልም። ለእኔ ነገሩ በሙሉ እዚህ ላይ አለ። ጉዳቱ ከልጁ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሟል፤ ስም አለው፣ ዘመድ አለው፣ ይወደዳል፣ ይከበራል። ልጁ ያላየው ጨዋነት ስለሸፈነበት ነው።

እሳቸው የሸሸጉት ነገር ምን እንደሆነ መመርመርም ያስፈልጋል፤ ሞት አይደለምና። በሳንባ ውስጥ አየርና ደም የሚገናኙባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ፤ በዓመታት ጭስ አንዴ ከፈረሱ ዳግመኛ አይሠሩም። ሰውየው በሕይወት አለ፣ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ይመርቃል፤ ግን የሚደርስበት ቦታ በየዓመቱ ያንሳል። በዚህ ዳገትና ቁልቁለት በሆነ አገር፣ ከፍታው አየሩን ባሳሳበት ደጋ ላይ፣ ሰው አገሬ የሚለው እግሩና ትንፋሹ የሚያደርሱትን ያህል ነው። መጀመሪያ ቆላ ወርዶ መመለስ ይቀራል። ከዚያ የሩቁ ዘመድ ለቅሶ ይቀራል፣ ከዚያ ገበያው፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ በመጨረሻም ከአልጋ እስከ ደጃፍ ያለው መንገድ ራሱ ረጅም ይሆናል። ሲጋራ ይገድላል የሚለው ቃል ይህን ሁሉ አይናገርም። ሞት ለሁሉም የተቆረጠ ስለሆነ ወጣቱን አያስገርመውም፤ «መሞት ላይቀር» ብሎ ያልፈዋል። በሕይወት እያሉ አገርን ጥቂት በጥቂት ማጣት ግን ለሁሉም የተቆረጠ ዕጣ አይደለም፤ ትምባሆ ከሰው የሚወስደው ዋጋ እውነተኛ መልኩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ልጁም በበኩሉ ይሸሽጋል። አመሻሽ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ከቆመበት ጥግ አንድ ታላቅ ሰው ሲያልፉ ሲጋራውን ወደ መዳፉ ገልብጦ፣ ፍሙን በጣቶቹ ከልሎ፣ ጭሱን በአፉ ይዞ አንገቱን ደፍቶ እጅ ይነሳል። ይህን የሚያደርገው ከአክብሮት ነው። በታላቅ ፊት ማጨስን ነውር የሚል አገር በጎ አገር ነው፤ ትምባሆ ተጠቃሚው ከመቶ አምስት አካባቢ የቀረው ይኸው ነውር ብዙዎችን ስለከለከለ ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። አያዎው ግን ይህ ነው፤ ብዙዎችን ከሲጋራ የጠበቀው ነውር ሲጋራ የጎዳቸውን ሰዎች አንደበትም ይዘጋል። ታላቁ በታናሹ ፊት የትንፋሹን ማጠር ይደብቃል፣ ታናሹ በታላቁ ፊት ፍሙን ይደብቃል። የመንገዱን መጀመሪያ የያዘው መጨረሻውን አያይም፣ መጨረሻው ላይ የደረሰውም ማን እየተከተለው እንደሆነ አያውቅም። በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ፣ ስለ ጤናቸው ይጠያየቃሉ፣ ሁለቱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ ለሁለቱም የሚጠቅመው አንድ ቃል ግን ሳይነገር ይቀራል። ከሩቅ አገር መጥቶ በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢ የሚማር ወጣት ደግሞ የሚሸሸገው ዘመድ እንኳ በአካባቢው የለውም። ነፃነት ያገኘ ይመስለዋል፤ ለእሱ ብለው እውነቱን ሊነግሩት የሚችሉትን ሰዎች እንዳጣ አይታወቀውም።

ዝምታው እስከ መቃብር ይዘልቃል። ቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ እድር፣ ይሰበሰባል፣ ቀብሩን ያስፈጽማል፣ ሐዘንተኛውን ያጽናናል፤ ለቅሶ የደረሰ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን አግኝቶት ነው?» ይላል። «ሳንባው ነው» ይባላል፤ «ብርድ መትቶት ነው»፣ «አስም ነበረበት»፣ «ልቡ ነው፣ ድንገት ነው» ይባላል። ከዚያ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ሄዶ ሲጋራውን የሚያነሳ የለም። ይህንን ዝምታ ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ርኅራኄ ነው። ምክንያቱን መናገር ሟቹን መክሰስ፣ የባለቤቱንና የልጆቹንም ሐዘን ማርከስ ይመስላል። ግን መንስኤን መናገርና መክሰስ አንድ ናቸውን? ዓባይን ሲሻገር የሰጠመውን ሰው ውኃ ወሰደው ስንል አልበደልነውም፤ ከእሱ በኋላ የሚሻገረው የት ላይ መርገጥ እንደሌለበት ነገርነው። በሲጋራ የሞተውም ሰው የጀመረው በልጅነቱ ነው፤ ኒኮቲን በሰከንዶች ውስጥ አንጎሉ እየደረሰ ሱስ ሲያስይዘው የሚከፍለውን ዋጋ የሚመዝንበት ዕድሜ ላይ አልነበረም። ስለዚህ ጥፋቱን በእሱ ላይ ሳንጭን መንስኤውን መጥራት እንችላለን። ክብሩን የሚነካው ስድብ ነው እንጂ እውነት አይደለም፤ እንዲያውም ሞቱ ለሌላው ሰው የሚተርፍ ነገር ሳይኖረው መቅረቱ ይበልጥ የሚያሳዝን ይመስለኛል።

እኛ ስንሸሻሸግ ልጆቹን አጥርቶ የሚያያቸው ሌላ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. ጃፓን ቶባኮ ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በተከታዩ ዓመት 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አሳደገ። ከመቶ ዐዋቂ ዘጠና አምስቱ ትምባሆ በማይጠቀሙበት አገር ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈስ ድርጅት የሚገዛው ምንድን ነው? ዛሬ የሚያጨሱትን ብቻ ነው ለማለት እቸገራለሁ። እንዲህ ያለ ገንዘብ ወደፊት የሚመጡ ዓመታትን ቆጥሮ የሚወጣ ገንዘብ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ደግሞ ዛሬ ያልጀመሩት አሉ። ስለዚህ ነጋዴው ልጁን ከሰላሳ ዓመት በኋላ ያየዋል፣ ልጁ ራሱን የሚያየው እስከ ዛሬ ማታ ነው፣ እኛ ቤተሰቦቹ ደግሞ ታሞ ሲተኛ እናየዋለን። የልጁን መጪ ዘመን ከእናቱ ይልቅ ነጋዴው አስቀድሞ ማስላቱ የዘመናችን ትልቅ ኀፍረት ነው።

ወደ ጥያቄያችን ስንመለስ ማየትና ማወቅ የሚለያዩበት ስፍራ አሁን የተገለጠ ይመስለኛል። ብዙ ነገር ሰው ከራሱ ይማራል፤ ወዲያው የሚያም ነገር ወዲያው ያስተምራል። ሲጋራ ግን በመጀመሪያው ቀን ጥቂት አስሎ ከዚያ ለረጅም ዘመን ዝም ይላል። በ16 ዓመቱ የጀመረ ልጅ በገዛ ደረቱ ላይ የማያጠራጥር ማስረጃ የሚያገኘው ምናልባት ሃምሳ ሲደፍን ነው። ያው የሐኪሞቹ የ50 ዓመት ጥናት እንዳሳየው በ30 ዓመቱ ማጨስ ያቆመ ሰው ሊያጣቸው የነበሩትን 10 ዓመታት ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያተርፋል፤ በ40 ያቆመ 9 ያህል፣ በ50 ያቆመ 6 ያህል፣ በ60 ያቆመ 3 ያህል። ለመመለስ ፈጽሞ የሚረፍድበት ጊዜ የለም፤ ሆኖም ከራስ ገላ የሚመጣ እውቀት ብዙው ዕድል ካለፈ በኋላ ይመጣል። በጊዜ ሊደርስ የሚችለው ከሌላ ሰው ገላ የመጣ እውቀት ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ቁጥርም ሥዕልም ብቻቸውን አያደርሱትም፤ የሚያደርሰው በልጁ ዘንድ የሚታመንና የሚወደድ ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ነው።

አንድ ጥርጣሬ ይቀራል። ልጁ ሁሉን ሰምቶ፣ አዝኖ፣ ማታ መልሶ ቢለኩስስ? ሊለኩስ ይችላል። ማየት አያስገድድም፤ ቢያስገድድማ ከንጉሡ ቅጣት በምን ይለያል? ነገር ግን ባልታየ ነገር ላይ የተደረገ ምርጫ ምርጫ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም። ልጁ ቢያንስ የሚከፍለውን ዋጋ አይቶ የመወሰን መብት አለው፤ ይህንን መብት እየነፈግነው ያለነው ደግሞ የምንወደው እኛው ነን። ስለዚህ ጥያቄዬ ለሕግ አውጪው ከመሆኑ በፊት ዳገት ላይ ለሚቆሙት ታላላቆቻችን ነው። ልጁ «ደከመዎት እንዴ?» ሲል የጠየቀው ከፍቅር ነው፤ የሚገባው መልስ «አዎ ልጄ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ ነው፤ የጀመርኩት በአንተ ዕድሜ ነው» የሚል ነው። እኛም ሌሎቻችን ሥራ አለን፤ መዳፉ ውስጥ ፍም የደበቀውን ልጅ ሳናዋርድ አጠገቡ መቀመጥ፣ ቅሬው በተሰበሰበበትም የሟቹን ክብር ሳንነካ መንስኤውን በስሙ መጥራት። ይህን ማድረግ መከባበራችንን አያፈርሰውም። እስካሁን በመሸሸግ የተከባበርን ሰዎች፣ ከአሁን በኋላ እውነትን በመነጋገር ብንከባበር እውቀቱ ልጆቻችን ገና ሠላሳ ሳይሞላቸው ይደርስላቸዋል።